ከአቦል እስከ በረካ አንድ ገጽ፦ ጊዜ የሚያጥራት እናት የልጆቿን የትዝታ ደብተር እንዴት እንደምትሠራ

የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ በአልትራሳውንድ የታየችበትን ትንሽ ወረቀት ለስድስት ዓመት ያህል በጸሎት መጽሐፌ መካከል አስቀምጬ ኖርኩ። ምስሉ እየደበዘዘ መሄዱን ባየሁ ጊዜ፣ ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ላስጠብቀው ብዬ፣ መታወቂያና የምስክር ወረቀት ወደሚታሸግበት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት እንዲደረግልኝ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ወረቀቱን በፕላስቲኩ መካከል አስተካክሎ ወደ ማሽኑ አስገባው፤ ግራጫና ነጭ ሆኖ የገባው ምስል በማዶ በኩል ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ምጣድ ጠቁሮ ነበር። ልጁ ከእኔ በላይ ደነገጠ፤ ሂሳብም አልቀበልም አለ።

ሁለታችንም ያላወቅነው ነገር ይህ ነበር፤ የአልትራሳውንድ ምስል ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በቀለም ሳይሆን ሙቀት ሲያገኘው በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው። የባንክ ማሽንና የሱፐርማርኬት ደረሰኝም የዚሁ ዘመድ ነው። የላሚኔት ማሽን ሙቀት በአንድ ጊዜ ያጠቁረዋል፤ የፀሐይ ብርሃን፣ ምድጃ አጠገብ መቀመጥና የላስቲክ ኪስ ደግሞ ቀስ በቀስ ያጠፉታል። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አስደርጉት፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ፎቶ ቤት አሳትሙት፤ ዋናውንም በወረቀት ፖስታ ከታችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ቀዝቃዛ ቦታ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚኖር ሰው አይቸግረውም።

እኔ በደብረ ብርሃን የምኖር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ወረቀት በየፋይሉ ስሰድር እውላለሁ፤ የስቴፕለር ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን እንዴት እንደሚበላው፣ ስኮች ከዓመታት በኋላ እንዴት ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይዞ እንደሚነሣ በየቀኑ አያለሁ። የራሴ ልጆች ወረቀት ግን፣ የክትባት ካርዳቸው ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተወርውሮ ነበር። ሁለተኛው ልጄ ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስከ ሁለት ዓመቱ የተነሣው ፎቶ በሙሉ በስልኬ ብቻ የነበረ በመሆኑ፣ ስልኩ በአንድ የነሐሴ ዝናብ ውኃ ገብቶበት ሳይበራ ሲቀር ያ ሁሉ አብሮት ቀረ። ደብተር መሥራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር ነው።

ስክራፕቡክ የሚባለውን፣ ፎቶና ትዝታ ያለበትን ወረቀት በደብተር ላይ እየለጠፉ የማስጌጥ ሥራ በቪዲዮ የተመለከተች እናት በመጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው በዕቃው ላይ ነው፤ አበባ የታተመበት ወረቀት፣ ልዩ ልዩ ቅርጽ የሚቆርጥ መብሻ፣ የሚለጠፍ ዕንቁ፣ ሪባን። እኔም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ፍለጋ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ሁሉ አደራ ስሰጥ ከረምኩ፤ የመጣልኝ ማስጌጫ እስካሁን ከነላስቲኩ ተቀምጧል። የሠራሁት ሁሉ የተሠራው በወረቀት፣ በመቀስ፣ በማስመሪያ፣ በእርሳስ፣ በኮላ፣ በመርፌና በክር ነው። ማስጌጥ ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ ደግሞ የሌለን ነገር ነው።

ደብተሩን የምሠራው ከኤ4 ወረቀት ነው። ወፈር ያሉ ሰባት ወረቀቶች ለሁለት ሲታጠፉ 14 ቅጠል ይሰጣሉ፤ አንዱ ቅጠል ለልጁ ስምና ለልደት ቀኑ፣ የቀሩት 13ቱ ለዓመቱ 13 ወራት ይሆናሉ። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስላላት እኔን ሥራ አታስይዘኝም፤ ልጁ የፈለገውን የሚለጥፍባት የራሱ ቅጠል ናት። ፎቶ የምለጥፈው በቅጠሉ ፊት ላይ ብቻ ሲሆን ጀርባውን ለጽሑፍና ለልጆቹ ሥዕል እተወዋለሁ።

ኤ4 ሲታጠፍ ገጹ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ፎቶ ቤቶች በብዛት የሚያትሙት ፎቶ ደግሞ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ላይ ቁሞ የተነሣ ፎቶ በዚህ ገጽ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ በግርጌውም አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የመጻፊያ ቦታ ይተርፋል። አግድም የተነሣው ግን ገጹን በሁለት ሚሊ ሜትር ይበልጠዋል፤ ይህን ያወቅሁት ስድስት አግድም ፎቶ አሳትሜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በሁለት ሚሊ ሜትር ተናድጄ ደብተሩን እንደገና ልሠራው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ በኋላ ግን ማስመሪያ አስደግፎ የፎቶውን ጠርዝ በምላጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር መከርከም እንደሚበቃ ገባኝ። ሌላ ቅጂ የሌለው የድሮ ፎቶ ከሆነ ግን ምላጭ አይንካው፤ በገጹ ላይ ወደ ጎን አዙሮ መለጠፍ ይሻላል።

ቅጠሎቹን የማያይዘው በስቴፕለር ሳይሆን በክር ነው። በአገራችን የብራና መጽሐፍ ለዘመናት ሲጠረዝ የኖረው እንዲሁ ነው፤ የታጠፈው ብራና በክር ተሰፍቶ ከእንጨት ገበታው ጋር ይያዛል፣ ከላይ ቆዳ ይለብሳል፤ መቶ ዓመታት የተሻገሩት የገዳማት መጻሕፍት ዛሬም የሚገለጡት በዚያ ስፌት ተይዘው ነው። የእኔ ስፌት ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው። የታጠፉትን ሰባት ወረቀቶች አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገብቼ እጥፋቱ ላይ ሦስት ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፤ አንዱን ልክ መካከሉ ላይ፣ ሁለቱን ከላይኛውና ከታችኛው ጫፍ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ አድርጌ። የምበሳው እናቴ መሶብ በምትሰፋበት ወስፌ ሲሆን ከሥር የታጠፈ ጋቢ አነጥፋለሁ። ድርብ የጥጥ ክር በጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጎተት ሰሙ ይይዘውና ሲሰፉበት አይወሳሰብም፣ ከተቋጠረም በኋላ አይላላም። መርፌው ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መካከለኛውን ዘሎ በታችኛው ይወጣል፤ በመጨረሻ በመካከለኛው ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ የክር ጫፎች በውስጥ በኩል ሲገናኙ አንዱን ከረጅሙ ክር በስተቀኝ፣ ሌላውን በስተግራ አድርጎ በላዩ ላይ መቋጠር ነው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ሽሮው እስኪንተከተክ ያልቃል።

የመጀመሪያው ደብተሬ ከተሰፋና ፎቶዎቹ ከገቡ በኋላ አልዘጋ አለ። ጀርባው ቀጭን፣ ፊቱ ወፍራም ሆኖ እንደ ተራበ ጫጩት አፉን ከፍቶ ቀረ። ፎቶ ሲለጠፍ ገጹ እንደሚወፍር፣ የተሰፋበት ጀርባ ግን እንደነበረ እንደሚቀር አላሰብኩም ነበር። አሁን ከመስፋቴ በፊት ከዚያው ወፍራም ወረቀት አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ እየቆረጥኩ ለሁለት አጥፌ በየወረቀቱ መካከል አስገባና አብሬ እሰፋዋለሁ፤ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትሩ በየቅጠሉ ሥር እንደ ጉቶ ቀርቶ ጀርባውን ያወፍረዋል። ስለ ደብተር አሠራር አንድ ነገር ብቻ ንገሪን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይህንን ነው።

ሽፋኑ ከማንኛውም ጠንካራ ካርቶን 15.5 በ22 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ጨርቅ ይለብሳል። ለትልቋ ልጄ ደብተር ጀርባ ከቀሚሴ የተረፈ ጥለት ተጠቅሜአለሁ። ለሽፋን የሚሆን ሙጫ ኩሽና ውስጥ አለ፤ አንድ እጅ የፉርኖ ዱቄት በአምስት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እስኪጠፋ ይበጠበጥና፣ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ወፍሮ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይበስላል። የገጠር ቤት ግድግዳ በጋዜጣ ሲለበጥ የሚለጠፈው በዚሁ ነው። ከተለጠፈ በኋላ እንዳይጣመም ክብደት ያስፈልገዋል፤ እኔ የድሮ ወፍጮ መጅ እጭንበታለሁ። በበጋ በማግስቱ ይደርቃል፤ በሐምሌ ግን ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ቸኩዬ ያነሣሁት ሽፋን ሻግቶብኛል። ዱቄት መሆኑንም አትርሱ፤ አይጥና በረሮ ያውቁታል፤ ስለዚህ ደብተሮቹ የሚቀመጡት ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ፎቶ ግን በዱቄት ሙጫ አይለጠፍም፤ እርጥበቱ ያጨማድደዋል። በሠርጋችን ጊዜ የተገዛው አልበም ገጹ በራሱ የሚያጣብቅ፣ በላስቲክ የሚሸፈን ዓይነት ነበር፤ ዛሬ ገጾቹ ቢጫ ሆነው ፎቶዎቹን አንለቅም ብለዋል። ቀጭን የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ጀርባ አስገብቼ እንደ መጋዝ እየሳብኩ ግማሹን ማስለቀቅ ችያለሁ። ከዚያ ወዲህ ፎቶን በማዕዘኑ ብቻ ነው የምይዘው። አራት በሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነች የወረቀት ቁራጭ ይዛችሁ ሁለቱን የላይ ማዕዘኖች በታችኛው ጠርዝ መካከል እንዲገናኙ አድርጋችሁ ብታጥፏቸው ኪስ ያላት ሦስት ማዕዘን ትወጣለች። አራቱን በፎቶው አራት ማዕዘን ላይ አጥልቃችሁ ኮላውን በኪሷ ጀርባ ብቻ ቀቡ፤ ፎቶው ሙጫ ሳይነካው ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግም ይወጣል። ከአሮጌ የሠርግ ጥሪ ካርድ የተሠራች ኪስ ከሁሉ ትበረታለች፤ በሁለት የሠርግ ወቅት የማይሰበሰብ ካርድ የለም።

ወደ ጊዜው ልመለስ፤ ዋናው ጥያቄ እርሱ ነውና። ኩሽናዬ ውስጥ ስማቸው የተጻፈባቸው ሦስት ትልልቅ የካኪ ፖስታዎች ተሰቅለዋል። በወሩ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ፣ የፈተና ወረቀቱን፣ የወደቀ ጥርስ የታሰረበትን ጨርቅ፣ የሥዕል ቁራጩን፣ ሳልመርጥ እጨምራለሁ፤ መምረጥ ጊዜ ይወስዳል። በወሩ ካሉት አራት እሑዶች በሦስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሲፈላ፣ በአንድ እሑድ የአንድ ልጅ አንድ ገጽ ብቻ ይሠራል። አራተኛው እሑድ የእኔ ነው። አቦል ሲቀዳ ፖስታውን እዘረግፋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ አንድ ፎቶና ቢበዛ ሁለት ወረቀት አነሣለሁ፣ የቀረው ወደ ካርቶን ይሄዳል። ቶና እስኪቀርብ ባለ ደብተሩ ልጅ ይለጥፋል። በበረካ እኔ እጽፋለሁ። ትንሹ ልጄ ባለፈው የራሱን ሥዕል ገልብጦ ለጠፈው፤ ላቃናው እጄን ስሰድ «ተይው፣ ፀሐይዋ እየወደቀች ነው» አለኝ። እንደተገለበጠ አለ።

በበረካ የሚጻፈው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ የጻፍኳቸውን ገጾች ዛሬ ሳነብ አፍራለሁ፤ «መልካም የልደት ቀን»፣ «ደስ የሚል ጊዜ» የሚል ብቻ ነው። ይህ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። አሁን የምጽፈው ልጁ በቃሉ ያለውን ነው። ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ወደ መንዝ ስንሄድ፣ ከመንገዱ ዳር ጭላዳዎች ተቀምጠው ሲግጡ ዓይታ «እማ፣ ካባ የለበሱት ሰዎች ለምን ሣር ይበላሉ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ በገጹ ላይ ባይሰፍር ኖሮ እስካሁን አንዳችን አናስታውሰውም ነበር። ፎቶው የሚያሳየው ብዥ ያለ ገደልና የመኪና መስኮት ብቻ ነው። በፎቶ ጀርባ ላይ ስትጽፉ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ ሲጫኑት ከፊት በኩል ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

ስም መጻፍን እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ያስተማረችኝ ግን ባለመጻፏ ነው። ከመሐል ሜዳ ለጥምቀት ስትመጣ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አመጣችልኝ፤ ሁለት ወንዶች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ አንደኛው አዲስ የሱፍ ባና ደርቧል።

«እማዬ፣ ይህ አባዬ ነው። ይህኛውስ ማነው?» አልኳት።

ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «እሱን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? የአባትሽ ጓደኛ ነው። ስሙ... ስሙ ጠፋኝ። ባናው ግን የሱ አይደለም፤ የአባትሽ ነው። ለፎቶ ብሎ ተበድሮት ነው፣ አባትሽ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ነው የተነሣው።»

አባቴ በፎቶው ላይ ለምን እጁን በብብቱ እንደከተተ ያን ዕለት ገባኝ። ያለችውን እንዳለችው ከፎቶው ሥር ጻፍኩት፤ የሰውየውን ስም ቦታ ባዶ ተውኩት። ከሦስት ወር በኋላ ስሙ ትዝ ሲላት ስልክ ደውላ ነገረችኝ። እናቶቻችሁና አማቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ የድሮ ፎቶዎችን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አንዷ የቡና ሰዓት ለዚህ ብትውል አይቆጫችሁም።

ልጆቹን ከሁሉ የሚያስደስታቸው የእንቁጣጣሽ ሥራ ነው። ሥዕሉ ሁሉ ለጎረቤት ተሰጥቶ ስለሚያልቅ በቤት የሚቀር የለም፤ ስለዚህ ከጳጉሜን ጀምሮ እያንዳንዳቸው አንድ ትርፍ እንዲስሉ አደርጋለሁ፤ እርሱ ለመስከረም ገጽ ይሆናል። በየዓመቱ አንድ ዓይነት መልአክና አንድ ዓይነት አበባ ይስላሉ፤ ደብተሮቹን ጎን ለጎን ስትዘረጓቸው መስመሩ ከዓመት ዓመት ሲጸና ታያላችሁ። አደይ አበባን ከቢጫ ወረቀት ለመቁረጥ አራት ማዕዘኑን ወረቀት ሦስት ጊዜ በመካከሉ አጥፎ ሰፊውን ጫፍ ክብ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ይኖረዋል። እውነተኛውን አደይ ለመለጠፍ የሚፈልግ ግን አይቸኩል፤ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ፣ ጋዜጣው በየሁለት ቀኑ እየተቀየረ፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። እርጥቡን የለጠፍኩበት ገጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለችበት ጊዜ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ቤታችን መጥታ ነበር። ከመጣች በሳምንቱ የእኔን ደብተሮች ስታገላብጥ ቆየችና «የእኔ ልጆች ያሉበት ይኖር ይሆን እትዬ?» አለች። በልጄ የክርስትና ገጽ ላይ፣ ከዳር፣ ዳቦ በእጁ የያዘ ልጇ ነበረ። ያን ዕለት ከማዕዘኑ ኪስ አውጥቼ ፎቶ ቤት ወሰድኩና ትልቅ አድርጌ አሳተምኩላት። ከዚያ ወዲህ ያለቀውን ገጽ ሁሉ በስልክ አንሥቼ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በቴሌግራም እልካለሁ፤ እርሷም አሳትማ ታስቀምጣለች። ደብተር በአንድ ቤት ብቻ መኖር የለበትም።

ፎቶው በስልኬ የጠፋበት ሁለተኛው ልጄ ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ሁለት ደብተር ተሰፍቶለታል፤ ከየጎረቤቱና ከየዘመዱ ስልክ የተለቀሙ አራት ፎቶዎች ብቻ አሉበት፣ ሌላው ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ የተራመደው ወዴት እንደነበር፣ በየትኛው ሌሊት ውርጭ እንደወረደና አባቱ ከነብርድ ልብሱ አቅፎት እንዳደረ፣ «ውኃ» ማለት አቅቶት ምን ይል እንደነበር፣ የማስታውሰውን ሁሉ በየወሩ ከፋፍዬ ጽፌለታለሁ። የዘንድሮው የየካቲት ገጹ ገና ባዶ ነው፤ ፖስታው ውስጥ አንድ የሒሳብ ፈተና፣ የኳስ ጨዋታ ተራ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀትና ከየት እንዳመጣው ያልነገረኝ የዶሮ ላባ አለ።